ለጨው ውሃ የመጀመሪያውን የዓሣ ማጥመጃ ካያክ መምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተጻፈው ቼሳፒክ ቤይን በልብ ይዞ ነው። ከዋሽንግተን፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ ለሚነሳ ሰው ቅርብ የሆነው የጨው ውሃ እሱ ነውና። ቤዩ ወደ 320 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 6 ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተደራራቢ ይሆናል። ጠዋት እንደ መስተዋት የነበረ ውሃ ከሰዓት በኋላ ካያክ፣ ማለትም ጠባብና ትንሽ ጀልባ፣ ሊገለብጥ ይችላል። ስለዚህ ከታች ያሉት መልሶች በሙሉ ከሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ፦ ካያኩን ብቻዎን ተሸክመው መጫን ይችላሉ? ከውሃ ውስጥ ሆነው ብቻዎን ተመልሰው መውጣት ይችላሉ? ለሁለቱም መልሱ «አዎ» ካልሆነ የማጥመጃ ዘንግ ማቆሚያው ብዛትም ሆነ የወንበሩ ምቾት አይጠቅምም።

ከላይ የሚቀመጡበት ይሻላል ወይስ ውስጡ የሚገቡበት?

ለጨው ውሃና ለጀማሪ፣ ከላይ የሚቀመጡበት። አካሉ ዙሪያውን የተዘጋ ባዶ ፕላስቲክ ስለሆነ ቢገለበጥም አይሰምጥም። ሞገድ የረጨው ውሃ ከመቀመጫው ወለል እስከ ሆዱ በሚያልፉት የማፍሰሻ ቀዳዳዎች በራሱ ይወርዳል። ውስጡ የሚገቡበት ዓይነት ግን፣ በተለይ በትልልቅ መደብሮች በርካሽ የሚሸጠው 10 ጫማ የሆነውና ውስጡ ግድግዳ የሌለው፣ አንዴ ከተገለበጠ ከ200 ሊትር በላይ ውሃ ይይዛል። ያን ያህል ውሃ በሞገድ መሃል ጨልፎ ማውጣት አይቻልም። ጸጥ ባለ ኩሬ ላይ ምንም አይደለም፤ ለቤዩ ግን አይሆንም።

በማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ በኩል ውሃ ወደ ላይ እየመጣ መቀመጫዎን ካረጠበው ጭነቱ ለካያኩ በዝቷል ማለት ነው። ቀዳዳውን በቡሽ መድፈን በጸጥታ ቀን ያደርቃል። ሞገድ ባለበት ቀን ግን በጎን የገባው ውሃ መውጫ ያጣና ካያኩን ያንገዳግደዋል፤ ያኔ ቡሾቹን ይንቀሉ።

ርዝመቱና ስፋቱ ምን ያህል ይሁን?

ከ12 እስከ 13 ጫማ ርዝመት፣ ከ30 እስከ 34 ኢንች ስፋት። ብዙ ሰው ስለ ርዝመት ሲያስብ ስለ ማከማቻ ቦታ ብቻ ያስባል፤ ርዝመት ግን ፍጥነትም ነው። ውሃን እየገፋ የሚሄድ ጀልባ ብዙ ሳይደክሙ የሚደርሱበት የፍጥነት ጣሪያ አለው። ስሌቱ የውሃ መስመሩን ርዝመት በጫማ ወስዶ ስኩዌር ሩቱን በ1.34 ማባዛት ነው። ለ10 ጫማ 4.2 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው)፣ ለ12 ጫማ 4.6 ኖት፣ ለ14 ጫማ 5 ኖት ይሰጣል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ነፋስን ፊት ለፊት ይዘው ሁለት ኪሎ ሜትር ሲመለሱ ግን በክንድዎ ያውቁታል። አጭሩ ካያክ ሌላም ጣጣ አለው፦ በእያንዳንዱ ቀዘፋ አፍንጫው ወደ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ጉልበትዎ ወደ ፊት ከመሄድ ይልቅ አቅጣጫ በማስተካከል ያልቃል።

ስፋትን በተመለከተ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 36 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሆዱ ጠፍጣፋ ካያክ መደብር ወለል ላይም ሆነ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ እንደ መደብ የተረጋጋ ነው። ቆመው ሊያጠምዱበት ይችላሉ። ነገር ግን ጠፍጣፋ ሆድ የውሃውን ፊት ተከትሎ ይጋደማል፤ የውሃው ፊት በሞገድ ምክንያት ሲያዘነብል ካያኩም አብሮ ያዘነብላል። ሰፊው ካያክ ለተከለሉ ወንዞችና ለጠባብ የባሕር ክንዶች ይመቻል። ለክፍት ውሃ ግን ጠበብ ያለና ሆዱ ትንሽ የጎበጠ ይሻላል፤ ሲቀመጡበት መጀመሪያ ላይ ይወዛወዛል፣ ሲያጋድል ግን ከአንድ ደረጃ በኋላ ጸንቶ ይይዛል። ውዝዋዜው በሁለት ሦስት ጉዞ ይለመዳል።

የመሸከም አቅሙን እንዴት ላስላ?

አምራቹ የሚጽፈው ቁጥር ካያኩ ሳይሰምጥ የሚሸከመው ነው፤ በደንብ የሚሄድበት አይደለም። ከዚያ ቁጥር ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ይጠቀሙ። ለምሳሌ ሰውየው 85 ኪሎ፣ ልብስና ላይፍ ጃኬት 5፣ ዘንግና የመንጠቆ ሳጥን 15፣ መልሕቅና ባትሪ 5፣ በረዶ ሳጥን ከዓሣው ጋር 10 ቢሆን ድምሩ 120 ኪሎ ነው። የሚያስፈልገው ካያክ ቢያንስ 180 ኪሎ፣ ማለትም ወደ 400 ፓውንድ፣ የተጻፈበት ነው። የተጻፈው አቅም ወንበሩንና ፔዳሉን ያካተተ መሆን አለመሆኑንም ሻጩን ይጠይቁ፤ አምራቾች በዚህ አይስማሙም።

በእጅ የሚቀዘፍ ልግዛ ወይስ በፔዳል የሚሄድ?

ሰው አብዝቶ የሚጨነቅበት ጥያቄ ይህ ነው፤ መጨነቁም ተገቢ ነው፤ የዋጋው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከሺህ ዶላር ይበልጣልና።

ፔዳል የሚሰጠው ትልቁ ነገር ፍጥነት አይደለም፤ ነጻ እጅ ነው። በድልድይ ምሰሶ አጠገብ የውሃው ጅረት እየገፋዎት ሳለ በእግርዎ ቀስ እያሉ ቦታዎን ይይዛሉ፣ በእጅዎ ደግሞ ያጠምዳሉ። በእጅ በሚቀዘፈው ካያክ ግን ዘንግ ባነሱ ቁጥር መቅዘፊያ ያስቀምጣሉ፤ መቅዘፊያ ባነሱ ቁጥር ዘንግ ያስቀምጣሉ። እስከዚያው ጅረቱ 20 ሜትር ወስዶዎታል።

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው በሆዱ ሥር ሁለት ክንፎች እንደ ፔንግዊን የሚያራግብ ነው፤ ሆቢ የተባለው ኩባንያ በ1997 ሚራዥ ድራይቭ ብሎ ያወጣው ነው። እግርን ወደ ፊት በመግፋት ይሠራል። ጥልቀት ሲያንስ አንዱን ፔዳል ወደ ፊት ገፍተው ሲይዙት ክንፎቹ ከሆዱ ጋር ይጣበቃሉ። ሁለተኛው እንደ ብስክሌት የሚዞርና ፕሮፔለር ያለው ነው፤ ወደ ኋላ መሄድ ሲፈልጉ ፔዳሉን ወደ ኋላ ማዞር ይበቃል። ዓሣ ወደ ምሰሶው ሲጎትትዎ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ግማሽ ሜትር አካባቢ ጥልቀት ይፈልጋል፤ የባሕር ሣርና የሸርጣን ወጥመድ ገመድም ይጠመጠምበታል። አንዳንዱ ፕሮፔለር ጠንካራ ነገር ሲመታ ማርሹ እንዳይሰበር ሆን ተብሎ የሚቆረጥ ትንሽ ፒን አለው። ሁለት ትርፍ ፒንና መፍቻውን በላይፍ ጃኬት ኪስ መያዝ ግድ ነው፤ ቤት የቀረ ፒን አያድንም።

የፔዳሉ ዋጋ በገንዘብ ብቻ አይከፈልም። ሙሉ ዕቃው ሲገጠም ከ45 እስከ 60 ኪሎ ይመዝናል፤ በእጅ የሚቀዘፈው 12 ጫማ ግን 30 ኪሎ ገደማ ነው። ፔዳሉ መታጠብና መቀባት የሚፈልጉ ማሽነሪዎችም አሉት።

የእኛ ምክር ይህ ነው፦ ያለዎት ገንዘብ በጠቅላላው 1,500 ዶላር ከሆነ ደህና 12 ጫማ ቀዛፊ ካያክ፣ ቀላል መቅዘፊያና ጥሩ ላይፍ ጃኬት ይግዙ። ርካሽ ፔዳል ገዝቶ ላይፍ ጃኬትና ሬዲዮን «ለሚቀጥለው ዓመት» ማቆየት የተገለበጠ ሂሳብ ነው። ፔዳል ቢገዙም መቅዘፊያ ሁልጊዜ ከእርስዎ ጋር ይሁን።

መቅዘፊያው ምን ያህል ይርዘም?

በካያኩ ስፋትና በወንበሩ ከፍታ ይወሰናል። ለ30 እስከ 32 ኢንች ስፋትና ዝቅ ላለ ወንበር 240 ሴንቲ ሜትር፤ ለ34 ኢንችና ከፍ ላለ ወንበር 250 ወይም 260። አጭር ከሆነ ጣትዎ የካያኩን ጠርዝ ይመታል፣ ውሃውም ወደ ጭንዎ ይንጠባጠባል። ክብደቱ ላይ አይቆጥቡ፤ በአንድ ጉዞ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የሚያነሱት ዕቃ ነው። የአሉሚኒየም ዘንግ ያለው ርካሹ መቅዘፊያ በጨው መገጣጠሚያው ላይ ይነክስና አልላቀቅ ይላል። ፋይበርግላስ ይሻላል።

ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ብገጥምስ?

ለመጀመሪያው ዓመት አንመክርም። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ሞተር የተገጠመበት ካያክ፣ ሞተሩ በባትሪ የሚሠራ ቢሆን እንኳ፣ መመዝገብና ቁጥር መለጠፍ አለበት። ፔዳል እንደ ሞተር አይቆጠርም። ሞተሩ በጉልበትዎ ሊመለሱ ከማይችሉበት ርቀት ያደርስዎታል፤ ባትሪው ያለቀ ዕለት ችግሩ ያኔ ይገባዎታል።

የምኖረው አፓርታማ ውስጥ ነው። በአየር የሚነፋው አይበቃኝም?

ሲነፋ እንደ ሰሌዳ የሚጠነክር፣ ወለሉ ውስጡ በክር የተያያዘ ዓይነት ከሆነና በወንዝ ወይም በጠባብ የባሕር ክንድ ከተወሰኑ ይሠራል። ለክፍት ውሃ ግን ቀላልና ከውሃው በላይ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ ስለሆነ ነፋስ እንደ ፊኛ ይወስደዋል። መንጠቆና የዓሣ እሾህ ያን ያህል አያስፈራም፤ ጨርቁ ወፍራም ነው። የሚያበላሸው ሌላ ነው፦ ሳይደርቅ መታጠፉ። ጨውና እርጥበት በመገጣጠሚያው ውስጥ ቀርተው ይሻግታሉ፤ አሸዋም በአየር ማስገቢያው ገብቶ ቀስ እያለ እንዲያፈስ ያደርገዋል። በአፓርታማ ውስጥ ሦስት ሜትር ተኩል ጎማ ለማድረቅ ቦታ ካለዎት ደግሞ ለጠንካራው ካያክም ቦታ አለዎት ማለት ነው።

ሌላው መፍትሔ ኪራይ ነው። አንዳንድ ከተሞችና የጀልባ ማቆሚያዎች በዓመት ክፍያ የካያክ መደርደሪያ ያከራያሉ። ጥሩዎቹ ከክረምት ጀምሮ ስለሚያዙ ቀድመው ይጠይቁ።

በኮሮላ ላይ መጫን ይቻላል?

ይቻላል፣ ካያኩ 35 ኪሎ ካልበለጠ። የመኪናዎ ጣሪያ የሚችለው ክብደት በባለቤቱ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል፤ ለብዙ ሴዳኖች 75 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ፖርቶመጋላው ራሱም በዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ብቻዎን ሲጭኑ ከኋላ ይጀምሩ፦ የኋላውን መስታወት በወፍራም ፎጣ ይሸፍኑ፣ የካያኩን አፍንጫ በኋለኛው የፖርቶመጋላ ብረት ላይ ያስደግፉ፣ ከዚያ ጅራቱን አንስተው ወደ ፊት ይግፉ። እንዲህ ሲደረግ በአንድ ጊዜ የሚያነሱት ግማሹን ክብደት ብቻ ነው።

በዘለበት በእጅ የሚጠበቅ ቀበቶ ይጠቀሙ። ለከባድ ጭነት የተሠራው በራቼት የሚጠበቀው ቀበቶ ከሚገባው በላይ ይጨምቃል፤ በበጋ ፀሐይ ፕላስቲኩ ሲለሰልስ ሆዱ ይጎደጉዳል። ቀበቶውን አንድ ጊዜ ጠምዘዝ ካደረጉት በፍጥነት መንገድ ላይ አያፏጭም። ከፊትና ከኋላም ወደ መኪናው ሥር የሚታሰር ገመድ ይጨምሩ፤ ቤይ ብሪጅ የተባለውን የቤዩን ድልድይ ሲሻገሩ የጎን ነፋሱ ቀላል አይደለም።

ያገለገለ ብገዛ ምን ልመርምር?

ያገለገለ ቀዛፊ ካያክ ብዙ ጊዜ ጥሩ ግዢ ነው፤ ፕላስቲኩ በአግባቡ ከተያዘ ብዙ ዓመት ይኖራል። ግን በቀን ብርሃን፣ ገልብጠው ይዩት።

መጀመሪያ የኋላውን ጅራት ይመልከቱ። ባለቤቱ በአስፋልት ላይ እየጎተተው ከሆነ ፕላስቲኩ እዚያ ላይ ሳስቷል። የእጅ ባትሪ ውስጡ አስገብተው ከውጭ ሲያዩት የሳሳው ቦታ ከሌላው ይልቅ ያበራል። ቀጥሎ የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በባትሪ ይመርምሩ። በእነዚህ ቀዳዳዎች ውስጥ በሚሰካ ጋሪ የተጎተተ ካያክ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው፤ ስንጥቁም ከላይ አይታይም። ከዚያ በኋላ በመክደኛው በኩል 10 ሊትር ያህል ውሃ ወደ ውስጥ ያፍስሱ፣ ውጪውን በጨርቅ ያድርቁ፣ በሁለት ድጋፍ ላይ አስቀምጠው ወደ ሁሉም ጎን እያዘነበሉ ለ15 ደቂቃ ይጠብቁ። የሚያፈስ ከሆነ ጠብታው ራሱ ቦታውን ያሳይዎታል።

ላዩ እንደ ጠመኔ ነጭ ዱቄት የሚሰጥ ከሆነ ለዓመታት ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ እንዲህ ያለ ፕላስቲክ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሆዱ ላይ ያለ ጉድጉድ ግን ያን ያህል አያስጨንቅም፤ በፀሐይ ሙቀት ወይም በሙቅ ውሃ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የተሰነጠቀ ቦታ በሲሊኮን ወይም በኢፖክሲ ተለጥፎ ካዩ ይተዉት፤ ሁለቱም ካያኩ የተሠራበትን ፕላስቲክ፣ ፖሊኢትሊንን፣ አይዙም። ትክክለኛው ጥገና በተመሳሳይ ፕላስቲክ በሙቀት መበየድ ነው።

በመጨረሻ በኋላ በቀኝ ጎኑ የተቀረጸውን 12 ፊደላትና ቁጥሮች ያሉበት መለያ ይፈልጉ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች የሞዴሉን ዓመት ይናገራሉ። መለያው ተፍቆ ከሆነ ካያኩ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይንኩት።

ጨው ምን ያበላሻል?

ፕላስቲኩን አይነካውም። የሚበላው ብረቱን ነው። የማይዝግ የተባለ ብሎን በአሉሚኒየም ውስጥ ሲገባና የጨው ውሃ ሲያገናኛቸው እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ያልቃል፣ ብሎኑም ተጣብቆ አልፈታ ይላል። የወንበር እግር፣ የዘንግ ማቆሚያ ሐዲድና የፔዳል ፍሬም ላይ የሚታየው ይህ ነው። ብሎኖቹን በዓመት አንድ ጊዜ ፈትተው የባሕር ግሪስ ቀብተው ይመልሱ። አዲስ ብሎን ሲገዙ 316 የተባለውን ስቴንለስ ይጠይቁ፤ 304 በጨው ውሃ ቡናማ ነጥብ ያወጣል። የአሉሚኒየም ሪቬት ደግሞ በጨው ውሃ ለረጅም ጊዜ አይታመንም።

ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በዚያው ቀን በንጹህ ውሃ ይጠቡ፦ ፔዳሉን፣ መሪውን፣ የመሪውን ገመድ፣ የላይፍ ጃኬቱን ዚፕ። ሪሉን፣ ማለትም የዘንጉን ክር መጠቅለያ፣ ፍሬኑን አጥብቀው በቀስታ ይርጩት፤ በኃይለኛ ውሃ ሲመታ ጨዉን ወደ ውስጥ ይነዳዋል። ካያኩን በጎኑ አስተኝተው በጥላ ያስቀምጡ፤ በሁለት ጫፉ ብቻ ተንጠልጥሎ ከከረመ ይጎብጣል።

ከካያኩ ሌላ ምን የግድ ያስፈልጋል?

ሕጉ የሚጠይቀው ትንሽ ነው፦ ለአንድ ሰው አንድ ላይፍ ጃኬት፣ ፊሽካ ወይም ሌላ ድምፅ የሚሰጥ ነገር፣ ከጨለመ ደግሞ ነጭ መብራትና የአደጋ ምልክት። በሜሪላንድ ዕድሜው ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጃኬቱን መልበስ አለበት። ለአዋቂ ሕጉ በካያኩ ላይ መኖሩ ይበቃል ይላል፤ እኛ ግን ጃኬቱን ያልለበሰ ሰው ውሃ ላይ መውጣት የለበትም እንላለን። ከኋላ የታሰረ ጃኬት በሞገድ መሃል አይለበስም። ጀርባው ከላይ ብቻ ስፖንጅ ያለው ይምረጡ፤ ከወንበሩ ጋር አይጋጭም፣ ስለዚህም አያወልቁትም።

ቀጥሎ የሚመጣው ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ባለ 5 ዋት የእጅ ቪኤችኤፍ (የጀልባ መገናኛ) ሬዲዮ ነው። ቻናል 16 ላይ የባሕር ጠረፍ ጠባቂው ኮስት ጋርድም በአቅራቢያዎ ያሉ ጀልባዎችም ይሰሙዎታል። ስልክ እርጥብ ጣት አይቀበልም። ሬዲዮው በካያኩ ላይ ሳይሆን በጃኬትዎ ላይ ይታሰር፤ ከካያኩ ከተለያዩ የሚያስፈልግዎት ያኔ ነውና። ገመድ የሚቆርጥ ቢላዋም እንዲሁ በጃኬቱ ላይ።

መልሕቅና የዘንግ ማቆሚያስ?

አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ተጣጣፊ መልሕቅ ለአብዛኛው ቦታ ይበቃል። አደጋው የሚመጣው ከሚታሰርበት ቦታ ነው። በካያኩ ጎን ታስሮ ጅረት ከገፋው ካያኩ ተጋድሞ በሰከንዶች ውስጥ ይገለበጣል። ገመዱ በጫፍ ላይ፣ በፊት ወይም በኋላ፣ መያዝ አለበት፤ ለዚህም በጎኑ በኩል በመዘውር የሚንሸራተት ገመድ ይገጠማል። ገመዱ በአንድ እጅ የሚለቀቅ ይሁን፣ ጫፉ ላይም ተንሳፋፊ ይኑረው፤ መርከብ ቢመጣብዎ ወይም ሞገድ ቢነሳ ለቀው ይሄዳሉ፣ በኋላ ተመልሰው ያነሱታል። ጅረቱ ጠንካራ ከሆነ ጭራሽ መልሕቅ አይጣሉ።

የዘንግ ማቆሚያ ለመትከል አይቸኩሉ። ሦስት አራት ጉዞ ሳያደርጉ ካያኩን አይብሱ፤ እጅዎ በተፈጥሮ የሚሄድበትን ቦታ አሁን አያውቁትም፣ የተበሳ ደግሞ አይደፈንም። ምንም ሆነ ምን፣ ዘንግም ሆነ ፒንሳ በአጭር ገመድ ያልታሰረ ነገር የባሕር ነው።

ብገለበጥ እንዴት እመለሳለሁ?

ይህን ሳይለማመዱ ወደ ክፍት ውሃ አይውጡ። በጁላይ ወይም በኦገስት፣ ውሃው ሞቃት ሲሆን፣ አንገት በሚደርስ ጥልቀት ያለ መንጠቆና ያለ ዘንግ ይለማመዱ።

ከሁሉ በፊት ካያኩን ይያዙ፤ ነፋስ ከመዋኘትዎ ፈጥኖ ይወስደዋል። ተገልብጦ ከሆነ ከመሃሉ ጎን ይሁኑ፣ በሥሩ እጅዎን ዘርግተው የማዶውን ጠርዝ ይያዙ፣ ወደ ራስዎ እየሳቡ የቅርቡን ይግፉ። ሰፊ ካያክ ላይ ይህ ይከብዳል፤ በማዶው እጀታ ላይ የታሰረ አጭር ቀበቶ ካለ ሆዱ ላይ ወጥተው በክብደትዎ ወደ ኋላ ይስባሉ። ካያኩ ከቀና በኋላ እግርዎ በሥሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ለመውጣት አይሞክሩ። መጀመሪያ እግርዎን እየመቱ ሰውነትዎን በውሃው ፊት ላይ ያስተኙ፤ ከዚያ እንደ ዓሣ ሆድዎን በመቀመጫው ላይ ያንሸራትቱ፣ ዞረው በመቀመጫዎ ይቀመጡ፣ እግርዎን በመጨረሻ ያስገቡ። ወንበሩ ከፍ ያለ ከሆነ ዝቅ ያድርጉት ወይም ከበስተኋላው ይውጡ።

ሦስት ጊዜ ሞክረው ካልቻሉ ጉልበትዎን ይቆጥቡ፤ ካያኩን ይዘው በሬዲዮ ይጥሩ።

መደብር ውስጥ ያዩት ካያክ ለዚህ ልምምድ የሚከብድዎ ከሆነ ለእርስዎ አይደለም፤ ምርጫው እዚያ ላይ ይወሰናል።

በየትኛው የአየር ሁኔታ ልቅር?

ለጀማሪ ትንበያው ከ10 ኖት በላይ ነፋስ ካለ። የውሃው ጫፍ ነጭ አረፋ በየቦታው ማውጣት ከጀመረ ጊዜው አልፏል። ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ነፋስ ደግሞ አሳሳች ነው፤ ከባሕር ዳር ሆነው ሲያዩት ውሃው ጸጥ ያለ ይመስላል፣ እየራቁ ሲሄዱ ግን ይበረታል፣ መመለሻው ሁሉ ፊት ለፊት ይሆናል። ነፋስና ጅረት ተቃራኒ ሲሆኑም ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል።

ቁጥሩን ያስቡት፦ ጀማሪ ሳይደክም የሚቀዝፈው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ኖት ጅረት በሰዓት 3.7 ኪሎ ሜትር ነው። ጅረቱን ተቃውመው የሚቀርዎት 1.3 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ለመመለስ አንድ ሰዓት ተኩል። ስለዚህ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰዓት ሳያዩ አይነሱ፤ ሲቻል ጅረቱን እየተቃወሙ ይሂዱ፣ ሲመለሱ እሱ ያምጣዎት።

ብርዱ ከነፋሱ ይልቅ ይገድላል። በኤፕሪል አየሩ 24 ዲግሪ ሆኖ ውሃው ገና 12 ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ በአስር ደቂቃ አካባቢ ጣቶቹ መያዝ ያቆማሉ። ለአየሩ ሳይሆን ለውሃው ይልበሱ። ውሃው ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ለቀዝቃዛ ውሃ የሚለበሰው ዌትሱት ወይም ድራይሱት ከሌለዎት ወደ ውሃው ከገባ መድረክ፣ ከፒየር፣ ላይ ያጥምዱ። በበጋ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይለመዳል፤ ውሃ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የእርስዎ ዘንግ ነው፣ በጠዋት ወጥተው ከቀትር በፊት ይመለሱ።

መጀመሪያ የት ልሂድ?

ከአናፖሊስ አጠገብ ባለው የሴቨርን ወንዝና በክንዶቹ ይጀምሩ፤ ጆናስ ግሪን ፓርክ ላይ ካያክ ማስገባት ይቻላል፣ ዋይት ፐርችም ለልምምድ የሚያስደስት ዓሣ ነው። ሳንዲ ፖይንት ቀጥሎ ይመጣል፤ በቤይ ብሪጅ ምሰሶዎች አጠገብ ሮክፊሽ የተባለው ዓሣ ይገኛል፣ ግን ትልልቅ መርከቦችና ጅረት አሉበት፣ ስለዚህ ከዳር አይራቁ። ኬንት ናሮውስ ቅርብና ማራኪ ነው፣ ጅረቱ ግን ለጀማሪ አይደለም። በቨርጂኒያ በኩል የፖኩሰን ሣራማ ጥልቀት የሌላቸው ቦታዎች ስፔክልድ ትራውትና ትንንሽ ሬድ ድረም የተባሉ ዓሣዎች አሏቸው። ኪፕቶፒክ ላይ ደግሞ ሞገድ እንዲከላከሉ የተደረደሩ 9 የኮንክሪት መርከቦች ከባሕር ዳሩ ብዙም ሳይርቁ ቆመዋል፤ በጸጥታ ቀን ልምድ ካለው ሰው ጋር ድንቅ ቦታ ነው። በ1964 የተከፈተውን፣ ከቤይ ብሪጅ የተለየውንና በቤዩ አፍ ያለውን ቤይ ብሪጅ ተነል ለሁለተኛው ዓመት ያቆዩት።

ፈቃድስ?

በሜሪላንድ ዕድሜዎ 16 ከሞላ ለቼሳፒክ ቤይና ለባሕር ዳርቻ የሚሆነውን የማጥመጃ ፈቃድ ያውጡ፤ ቨርጂኒያ የራሷ አላት። ሮክፊሽን በምግብ ማጥመጃ ሲያጠምዱ ጫፉ ወደ ጎን ያልተጠመዘዘ ክብ መንጠቆ ግዴታ ነው፤ መንጠቆው የዓሣውን ሆድ ሳይሆን ከንፈሩን ስለሚይዝ የሚለቁት ይተርፋል። የሮክፊሽ ወቅትና መጠን ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ ያለፈው ዓመት ወረቀት ይዘው አይሂዱ፣ ከመውጣትዎ በፊት የግዛቱን የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ይዩ።

ሳልገዛ መሞከር እችላለሁ?

ይሞክሩ። የካያክ ሻጮች በጸደይ ወራት ውሃ ዳር ነጻ የሙከራ ቀን ያዘጋጃሉ፤ ካልሆነ ለአንድ ቀን ይከራዩ። ሲሞክሩ ዙሪያውን አንዴ ዞረው አይመለሱ። የሚይዙትን ክብደት ያህል ውሃ የሞላ ጀሪካን ከኋላ ይጫኑ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቀመጡበት፣ ወደ ኋላ ዞረው ከበስተኋላ ሳጥን ዕቃ ያውጡ፣ ነፋስን ፊት ለፊት ይዘው ይቅዘፉ። ሻጩ ከፈቀደ ሆን ብለው ይውደቁና ተመልሰው ይውጡ። ከዚያ ብቻዎን እስከ መኪናው ተሸክመው ይጫኑት።